የማረው ዐሥር ጥፍሮች

ይታይሽን ያንገበገባት ጥፍሩ አልነበረም። ጥፍር ይበላሻል፤ የሰው ገላ ነው። ያንገበገባት ባሏ ማረው ዐሥር የእግር ጥፍሮቹን እንደ መንግሥት ምሥጢር ደብቆ ሦስት ዓመት ሙሉ ቤቱን ማመሱ ነው። አንዱ ሚስቱን በመጠጥ ያስመርራታል፣ ሌላው በውሽማ፤ የእሷው ግን በጥፍር። ይህን ለማን ይነግሩታል? ቢነግሩትስ ማን ያምናል?

ነገሩ የተጀመረው በ1952 ዓ.ም. ማረው የቁሐር ሚካኤል ጭቃ ሹም ሆኖ በተሾመ ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ እንደ አገሩ ገበሬ በባዶ እግሩ የሚሄድ፣ የፎገራን ረግረግ ከከብቶቹ እኩል ሲረግጥ ያደገ ሰው ነበር፤ ጥፍሩን አንድ ቀን አሞት አያውቅም። በተሾመ በሳምንቱ ወረታ ገበያ ወጣና ከሙህዲን ሱቅ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር የጎማ ቡት ገዝቶ መጣ። ሹም የሆነ ሰው መሬት በእግሩ አይነካም የሚል ሕግ ከየት እንዳመጣ እሱ ይወቀው።

ክረምት ሲገባ ፎገራ ሜዳ መሆኑ ይቀራል። ጣና ይሞላል፣ ወንዞቹ ከመውረጃቸው ይወጣሉ፣ ከቤት እስከ ከብት በረት ያለው መንገድ ጉልበት ድረስ ውሃ ይሆናል። ሌላው ሰው ሱሪውን ሰብስቦ ይገባል፤ ሲወጣ እግሩን ታጥቦ እሳት ዳር ያደርቃል። ማረው ግን በቡቱ ይገባል። ውሃው ከቡቱ አፍ ያልፍና ወደ ውስጥ ይንቆረቆራል፤ የገባው ደግሞ መውጫ የለውም። ጠዋት የገባ ውሃ እስከ ምሽት ከእግሩ ጋር ሲንቦጫረቅ ይውላል።

"ኧረ አውልቀው፣ እግርህ ይተንፍስ እንጅ!" ትለዋለች።

"ሰው ይመጣል" ይላታል።

"ቢመጣስ? እግር የለው መስሎት ነው?"

ጆሮ ዳባ ልበስ። በመጀመሪያው ክረምት ማብቂያ የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ቢጫ ሆነ። ከዚያ ወፈረ። ከዚያ ጫፉ እንደ ከረመ ድርቆሽ ይፈረፈር ጀመር። ከአውራ ጣት ወደ ሌባ ጣት፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተዛመተ በዓመቱ ዐሥሩንም ያዛቸው፤ ግራው ደግሞ ባሰ። እንግዲህ ጥፍሩን ያበላሸው ቡቱ ነው፤ ማረው ደግሞ የተበላሸውን ጥፍር ለመሸፈን ቡቱን ጭራሽ ከእግሩ አልለይ አለ። ባሰበት ቁጥር ይሸፍናል፣ በሸፈነ ቁጥር ይብስበታል። ይታይሽ ይህን ስታስብ ራሷን ከምሰሶው ጋር ማጋጨት ያምራት ነበር።

በዚህ ቢበቃ ጥሩ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በጫማ አይገባም፤ ስለዚህ ማረው ቤተ ክርስቲያን መግባቱን ተወ። በሚካኤል ቀን ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ ሲገባ እሱ ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ተደግፎ ይቆማል። ሰዉም "ጭቃ ሹሙ ምን ኃጢአት ቢሠራ ነው?" ይላል። እንግዳ ሆኖ ሰው ቤት ሲገባ ደግሞ እግር ይታጠባል፤ ስለዚህ ሰው ቤት መግባቱንም ተወ። ለቅሶ ቢሄድ ከደጅ፣ ሠርግ ቢጠራ "ቸኩያለሁ"። የገዛ እኅቱ ልጇን ክርስትና ስታስነሳ ፈረሱ ላይ እንደተቀመጠ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎ ተመለሰ። እኅቱ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

ይታይሽ መድኃኒት ልፈልግ ብትል "ስሜን ብታነሺ በሚካኤል!" ብሎ ገዘታት። "ለበሬው ነው በያቸው።" ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ምን ታድርግ፣ የከብት ሰኮና አዋቂ ነው ወደሚባለው ጎረቤታቸው ወደ ያየህ ሄደች። በፎገራ ክረምቱን ውሃ ውስጥ ቆሞ ሰኮናው የሚበሰብስ በሬ ሞልቷልና ያየህ አንድም ነገር አልጠረጠረም። ቅጠል በጨው ወቅጦ፣ ምኑንም ምኑንም ቀላቅሎ ሰጣት። "ሲቀቡት አጥንት ድረስ ይገባል" አላት፤ "በሬው ከተራገጠ አራት ሆናችሁ ያዙት።"

ማረው ተራገጠ። የሚይዘው ግን ይታይሽ ብቻ ነበረች። በሩን ዘግተው በጠራራ ፀሐይ ቀባችው፤ መደቡ ላይ ተንከባለለ፣ አንድ እንስራ ውሃ ሰበረ፣ የእሷን ዘር ማንዘር ሰደበ። ጥፍሩ እንደነበረ ነው፤ የተላጠው ቆዳው ነው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ያየህ ደግ ሰው ነውና የበሬውን ደኅንነት ሊጠይቅ መጣ። በረት ገብቶ አራቱንም ሰኮና አንድ በአንድ አንስቶ አየ። "ይህ በሬ ከእኔም ከአንችም ይሻላል" አለ፤ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ወጣ። ይታይሽ የምትገባበት ጠፋት። ማረው ከቤት ውስጥ ሆኖ ሁሉን ይሰማል።

በ1956 መስከረም ላይ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ልጃቸው አለኸኝ ለትዳር ደርሶ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ እርሻ የሚወድ፣ ቃል የማያበዛ ልጅ። አንበሳሜ ገበያ ላይ አይቷት ልቡ የወደዳት የአቶ አንለይ ልጅ ጽጌሬዳ ነበረች። ሽማግሌ ተላከ፤ አንለይ ደስ ብሎት "በግንቦት አባትየው ራሱ ይምጣና ነገሩን እንቁረጥ" አለ። አለኸኝ በደስታ የሚሆነውን አጣ። ይታይሽ ግን የታያት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አማች ቤት የገባ እንግዳ እግሩን ይታጠባል። የቤቱ እመቤት ውሃ ይዛ ስትመጣ ማረው ፈረሱ ላይ ይወጣ ይሆን?

በማግስቱ ወረታ ወርዳ ሙህዲን ሱቅ ገባች። "ሁለተኛ ለባሌ ቡት ብትሸጥለት ከአንተ ጋር አንተያይም!" ብላ ጮኸችበት። ሙህዲን ትዕግሥተኛ ነጋዴ ነው፤ ወንበር አቀረበላት።

"ወይዘሮ ይታይሽ፣ እኔም ክረምት ክረምት ይህንኑ ቡት አደርጋለሁ" አላት። "ግን ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ አወልቀዋለሁ። እታጠባለሁ፣ በየጣቴ መሐል አደርቃለሁ። የእርስዎ ሰው መቼ መቼ ያወልቃል?"

"ሲሞት" አለች ይታይሽ።

ሙህዲን ሳቁን ዋጠው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ባለፈው ማረው ሱቁ በገባ ጊዜ የእግሩ ሽታ እንዳስደነገጠው፣ ወረታ ክሊኒክ ደግሞ ከጎንደር የመጣ፣ ቁስል የሚያክም ጎበዝ ድሬሰር እንዳለ ነገራት። እሷ ያልነገረችውን ነገር ሙህዲን በአፍንጫው ደርሶበታል። ምሥጢር ተብሎ!

ማረውን ክሊኒክ መውሰድ አንድ ሳምንት ፈጀ። ገበያ በሌለበት ቀን፣ ራሱን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ በጓሮ በር ገባ። ድሬሰሩ ቡቱን ራሱ ሳበው፤ ፊቱን አላዞረም። ጣቶቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አየና "ብዙ ጊዜ ሆኖታል" አለ።

ማረው መሬት መሬቱን እያየ፣ ሰው እንዳይሰማ በሚመስል ድምፅ፣ "ቁምጥና ነው አይደል?" አለ።

ይታይሽ ደርቃ ቀረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ኩራት ነው ስትል፣ እልህ ነው ስትል፣ ሰውየው ለካ በየቀኑ ጣቶቼ ዛሬ ይረግፋሉ ወይስ ነገ ሲል ነው የኖረው! ከአጠገቧ እየተኛ። አንድ ቃል ሳይተነፍስላት። ልታቅፈው ይሁን ልታንቀው እንደፈለገች አላወቀችም።

ድሬሰሩ መርፌ አውጥቶ የአውራ ጣቱን ጫፍ ጠቅ ሲያደርገው ማረው ዘለለ። "ቁምጥና ቢሆን ይህን ያህል አይዘሉም ነበር" አለው። "እንጀራ እርጥብ መሶብ ውስጥ ሲከርም ምን ይሆናል?"

"ይሻግታል" አለች ይታይሽ።

"የእሳቸውም ጥፍር ሻገተ። ሌላ ምንም አይደለም።"

ከጎንደር ነጭ ክኒን አስመጣላቸው። ትእዛዙ አጭር ነበር። በቀን አንድ፣ ቅቤ ወይም ወተት ካለበት ምግብ ጋር፤ ያለ ቅባት መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ አይገባም። በየሳምንቱ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ የታመመውን ጥፍር በምላጭ መቁረጥ፣ በሞረድ መሞረድ። እግርን ማድረቅ። ቡቱን መጣል። "ጤነኛው ጥፍር ከሥር በቅሎ የታመመውን ገፍቶ እስኪጨርስ አንድ ዓመት ይወስዳል፤ በመሐል እንዳያቋርጡ።"

ከዚህ ሁሉ ማረው የሰማው "ክኒን" የሚለውን ብቻ ነው። በቀን አንድ ተውጦ በዓመት የሚያድን ከሆነ በቀን ስድስት ተውጦ በሁለት ወር ያድናል ብሎ አሰላ። ስድስቱን በአንድ ጊዜ ውጦ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልሰው ሰነበተ። ይታይሽ ክኒኑን ከእሱ ቀምታ ሙዳይዋ ውስጥ ቆለፈችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው እንደ ሕፃን ልጅ አፉን አስከፍታ ታውጠዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እግሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በማጭዱ ሞረድ ትሞርደዋለች፤ ብናኙ ቀሚሷን ይሞላል፣ እሱ "ቀስ በይ!" እያለ ይጮሃል፣ እሷም "ቀስ ብየ ብየ ነው እዚህ የደረስነው!" ትለዋለች። ቡቱንም ጣለችው። በሳምንቱ ሌላ ገዝቶ መጣ፤ ሙህዲን እንቢ ቢለው ከሌላ ሱቅ። ይታይሽ አልተከራከረችም፤ እሱ ተኝቶ ሳለ የሁለቱንም ቡት አፍንጫ በቢላዋ ቆርጣ ጣቱ የሚወጣበት ቀዳዳ አበጀችለት። ከዚያ በኋላ ማረው ከቤት አልወጣም። ከሳሽና ተከሳሽ ወደ ደጁ እየመጡ፣ እሱ እግሩን በጋቢ ሸፍኖ መደብ ላይ እንደተቀመጠ ይዳኛቸዋል።

ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ ከአውራ ጣቱ ሥር የጤፍ ፍሬ የምታህል ንጹሕ ጥፍር ብቅ አለች። ይታይሽ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ግን የዐቢይ ጾም መጣና ማረው አፉን ገጥሞ ዘጋ። ቅቤ አልበላም፤ ያለ ቅቤ ደግሞ መድኃኒቱ አይሠራም፤ ስለዚህ እስከ ፋሲካ ይቅር አለ። ሃምሳ አምስት ቀን! ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የማያውቅ ሰው አሁን ጿሚ ሆነባት። ይታይሽ ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ ቄስ ኃይለ ሚካኤል ከነፈች።

"መድኃኒት ጾም አይገድፍም፣ ይዋጥ" አሉ ቄሱ። "ቅቤው ግን አይሆንም።"

"አባቴ፣ ያለ ቅባት ከዋጠው እኮ ድንጋይ ዋጠ ማለት ነው!"

ቄስ ኃይለ ሚካኤል ጢማቸውን ዳበሱ። "አገራችን የኑግ አገር አይደለም ወይ? ኑግ ቅባት የለውም?" አሉ።

ይታይሽ እዚያው ቆማ ግንባሯን መታች። ማሳ ሙሉ ኑግ የሚዘራ ሰው ሚስት ሆና ይህ እንዴት አይታያትም! ያንን ጾም ሙሉ በየቀኑ ኑግ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ልጥልጥ አድርጋ በእንጀራ እየቀባች ክኒኑን አዋጠችው። ክንዷ ላይ ኃይል አልቀረም። ማረው ግን "ኑጉ መረረኝ" ይል ነበር።

በሚያዝያ መጨረሻ ጤነኛው ጥፍር ከግማሽ ሲያልፍ ነገሩ ሁሉ ፈረሰ። አንለይ እንደ አገሩ ወግ የሚዛመዳቸውን ሰዎች ዘር የሚያጣራ ሰው ወደ ቁሐር ልኮ ነበር። የተላከው ሰው የሰማው ይህን ነው፤ ጭቃ ሹሙ ሦስት ዓመት ቤተ ክርስቲያን አልገባም፣ በሰው ፊት እግሩን አይገልጥም፣ አሁንማ ጭራሽ ከጋቢ ሥር አያወጣውም። ያየህም ተጠየቀ፤ ክፋት ሳይኖርበት ያየውን ተናገረ። "ሚስቲቱ ለሚበሰብስ ሰኮና መድኃኒት ጠይቃኝ ነበር፤ በሬያቸው ግን ደኅና ነው።" እንግዲህ መድኃኒቱ ለማን ነበር? አንለይም "በዘራችሁ ቁምጥና አለ አሉን፤ ልጃችንን አንሰጥም" ብሎ ላከ።

ይታይሽ ወሬውን ስትሰማ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ሌላውን ብትረግም ደስ ባላት፤ ግን የበሬውን ውሸት የዋሸችው የገዛ አፏ ነው። እሱ ዋሺ ቢላት እሷስ ለምን ሰማችው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እነሱ ደግሞ መድኃኒቱን አግኝተው ደበቁት።

አለኸኝ ከማሳ ገባ። ሰምቷል። ጅራፉን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ አባቱ ፊት ቆመ።

"አባየ፣ እውነት ነው?"

"ውሸት ነው" አለ ማረው።

"እንግዲያው እንሂድና እግርህን አሳያቸው።"

ማረው ጋቢውን ወደ እግሩ ሳበ። ይታይሽ "ተናገር እንጅ፣ አንተ ሰውየ!" ብላ ጮኸች።

አለኸኝ አልጮኸም። "ጥፍርህ ከእኔ በለጠብህ" አለ። "ግድ የለም። ነገ ሁመራ ለቀን ሥራ እወርዳለሁ። አገር ቁማጣ ካለኝ በሰው አገር ይሻለኛል።" የሚይዘውን ልብስ ማጣጠፍ ጀመረ። ሁመራ ወርዶ በወባ ያልተመለሰ የስንት እናት ልጅ እንዳለ ይታይሽ ታውቃለች።

ጎሕ ሲቀድ ማረው ከመደቡ ወረደ፤ በባዶ እግሩ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ማንንም ሳያይ፣ "ተነሡ፣ አንበሳሜ እንሂድ" አለ።

ሽማግሌዎቹ አንሄድም አሉ፤ ሦስቱ ብቻ ሄዱ። ሦስት ዓመት ቡት የለመደ ተረከዝ እንደ ሕፃን ገላ ለስልሷልና ማረው በየጠጠሩ ያነክስ ነበር። ያልተጠሩበት ቤት ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። አንለይ ደጁ ላይ ቆሞ አያቸው፤ ፊቱ ጠቆረ። ግን የመጣ እንግዳ ከደጅ አይመለስምና "ግቡ" አለ።

ገቡ። ማንም ማንንም አያይም። አንዲት ልጅ ጣሳና ገበቴ ይዛ ብቅ ስትል የአንለይ ሚስት አገኘሁሽ ተነሥታ ከእጇ ተቀበለቻት። በዓይኗ ለማየት እንደፈለገች ሁሉም ገባው። ማረው ፊት ተንበርክካ የቀኝ እግሩን ወደ ገበቴው ሳበች፤ አቧራውን አጠበችና ጣቶቹን ወደ በሩ ብርሃን አዞረቻቸው። ከሥር ንጹሕ ጥፍር፣ ከጫፍ ቢጫና የተሞረደ ጉቶ። እጇ ቆመ።

"ይህ ምንድን ነው?" አለች።

ይታይሽ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ማረው ቀደማት።

"ሻጋታ ነው" አለ። "በቡት ውስጥ እርጥብ እግር አሽጌ አሻገትሁት። ቁምጥና መስሎኝ ፈርቼ ደበቅሁት። ወረታ ክሊኒክ ክኒን ሰጡኝ፤ ይኸው እየበቀለ ነው። ኃጢአቱ የእኔ ነው፤ ልጄ የለበትም።"

አገኘሁሽ የእያንዳንዱን ጣት መሐል አጠበች። ጊዜ ወሰደች። በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችው። አለኸኝ ግድግዳው ሥር ቆሞ እጇን ያያል። እግር ያጠበ ሰው ሲጨርስ እግሩን ይስማል፤ ያልሳመው እንደሆነ ነገሩ አልቋል፣ ማንም ምንም መናገር አያስፈልገውም።

አገኘሁሽ ጎንበስ አለች፤ የተሞረደውን አውራ ጣት ሳመችው።

ማረው ማልቀስ ጀመረ። አንለይ ፊቱን አዞረ። ይታይሽ ልቧ ራርቶ እሷም ልታለቅስ ነበር፤ ወዲያው ግን ደሟ ፈላ። ሰባት ወር ሙሉ ያንን እግር ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስትሞርድ፣ ኑግ ስትወቅጥ፣ ስትሰደብ አንድ ቀን እንኳ እንባ አልወጣውም ነበር።

"አገኘሁሽ እኅቴ" አለች በነጠላዋ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ "አይዞሽ፣ ግራው ደግሞ ይብሳል።"

ማረው ማንም ሳይጠይቀው ግራውን ዘረጋ።